አመዳሟ ቮልስ

ጥር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሸዋዬ ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ አንበሳሜ ሄደች።

ጥር 13

የሄደችው አባቷ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲህ ብያለሁ። መሪጌታን ጉልበታቸውን ማመም የጀመራቸው እኔ ልጃቸውን ሳላገባ ነው፤ ቢሆንም ሕመም ሕመም ነው።

የጥምቀቱን ነገር በትክክል ልጻፈው፤ ሰፈሩ እየጨመረበት ነው። ታቦቱ ሲመለስ ቮልሷ ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ አልነሣ አለች። ሞቶሪኖዋ ከኅዳር ጀምሮ ደክሟል፤ ካልተገፋች አትነሣም። ሸዋዬ ወርዳ ከሁለት ዲያቆናትና ከአንድ ወታደር ጋር ገፋች። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ሞተሩ ተነሣ። እንደ ተነሣ ብቆም ይጠፋል። ስለዚህ አልቆምሁም፤ እስከ ቤት ነዳሁ። ማንም ሹፌር እንዲህ ያደርጋል።

ሸዋዬ የደረሰችው ሲመሽ ነው፤ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ። እኔ እራት ሳልበላ ጠብቄያታለሁ። ይህን ማንም አያነሣም።

ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። “ከእንግዲህ በዚያች አመዳም መኪና ላይ አልወጣም።”

ነገሩን ሳሰላስለው ዋልሁ። አመዳም ነው ያለችው። እውነቷን ነው። የመኪናዋ ግራጫ ቀለም ተልጦ፣ ፓርፋንጎዋ ዝጎ፣ አመድ ላይ ተንከባልላ የተነሣች አህያ ትመስላለች። ሴት ልጅ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከእንዲህ ያለ ነገር ብትወርድ ታፍራለች። የነገሩ ሥር የተገኘ ይመስለኛል።

በመሥሪያ ቤታችን ሰኞ ሰኞ የውይይት ክበብ አለ፤ በመጨረሻው ግለ ሂስ እናደርጋለን። ልማድ ሆኖብኝ እዚህም እጽፋለሁ።

ግለ ሂስ፦ መኪናዋን ቀደም ብዬ ማስቀባት ነበረብኝ።

ጥር 18

ጎረቤታችን ሰገነት አጥር ላይ ተደግፋ ጠየቀችኝ።

“ጋሼ፣ ሸዋዬ ለጾሙ መያዣ ትመጣለች?”

“የመሪጌታ ጉልበት ሲሻላቸው።”

“እንዴ! እኛ የሰማነው እግሩ ያበጠው የእሷ ነው ብለው ነው።”

ገባሁ። ልጆቻችን አድገው አዲስ አበባ ናቸው። ቤቱ ውስጥ እኔና ሬዲዮኑ ነን።

ጥር 23

መኪናዋን ክንዱ ጋራዥ አስገባሁ። ክንዱ ባትላሜራም ቀለምም ይሠራል። ምላሱም አያርፍም።

“ጋሼ አንዳርጋቸው፣ ከሞቶሪኖዋ እንጀምር?”

“ሞቶሪኖ ማን ያየዋል?”

“አይታይም፤ አለመነሣቱ ግን ይሰማል።”

“ከቀለሙ ጀምር።”

በብርጭቆ ወረቀት ፋቋት። ከግራጫው ሥር ሰማያዊ ወጣ፤ ከሰማያዊው ሥር ቢጫ።

“ከእርስዎ በፊት ሁለት ባል አግብታለቻ!” አለ ክንዱ። የጋራዡ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በመሥሪያ ቤቴ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ።

የካቲት 2

ስቱኮ ተለጥፎባት ነጭ ነጭ ሆናለች። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ትመስላለች። በእግሬ ነው የምመላለሰው።

ክንዱ ያለው ቀለም የወተት ነጭና አረንጓዴ ነው። ከላይ ነጭ፣ ከታች አረንጓዴ እንዲሆን ተስማማን። በወገቧ ዙሪያ አንድ ቀጭን መስመር ይዙር አልሁ። በምን ቀለም? እንደ ሸዋዬ አዲስ ቀሚስ ጥለት ይሁን ብዬ አሰብሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥለቱ ግን አረንጓዴ ነበር ወይስ ሰማያዊ? ቀሚሱን ይዛው ሄዳለች። ሰገነትን ጠየቅኋት።

“ቀይ ነው” አለችኝ። አተያይዋን አልወደድሁትም።

የካቲት 11

ቀዩ መስመር ተሰመረ። ክንዱ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ልመስክርለት።

መስመሩ ሳይደርቅ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አበራ በጋራዡ በር አለፈ። ተመለሰ። መኪናዋን ዞራት።

“ጓድ አንዳርጋቸው፣ አረንጓዴ አየሁ። ቀይ አየሁ። ቢጫውን ማን ወሰደው?”

“የሚስቴ ቀሚስ ጥለት ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።”

“ሚስትህ የት ናት?”

“አንበሳሜ።”

“ምን ልታደርግ?”

“የአባቷ ጉልበት…”

ጣቱን ወደ ቸርኬዎቹ ቀሰረ።

“ቢጫ ይጨመር” አለና ሄደ።

ክንዱ ቸርኬዎቹን ቢጫ ቀባ። “በሦስተኛው ባሏ ሰንደቅ ዓላማ ሆነች” አለ። ዝም እንዲል ነገርሁት። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ድምፅ ያወጣል።

የካቲት 18፣ ቅበላ

ተጠናቀቀች። የጎማዎቹን የኒኬል ክዳኖች እኔው ራሴ በአመድና በሎሚ ፈተግኋቸው። ፊት ያሳያሉ። የጋራዡ ሰው በሙሉ ወጥቶ ገፍቶ አስነሣልኝ። በዘንባባው ጎዳና ሽቅብ ቁልቁል ነዳኋት። ሰው ቆሞ አየ። አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሰላምታ ሰጠኝ፤ የመንግሥት መስላው ይሆናል።

አጠገቤ ሰው ስለሌለ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ከዚህ በቀር እንከን የላትም።

አሁን የቀረው ሸዋዬ እንድታያት ነው። አንበሳሜ ድረስ እንዳልነዳት፣ መንገድ ላይ ብትጠፋ የሚገፋ የለም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሥቼ እልካለሁ። ዘንድሮ አገሩ የሚሄደው ሩሲያዊ መምህር በአንድ እንስራ ማር የለወጠኝ ዜኒት ካሜራ አለኝ። እስካሁን ያነሣሁበት የመጋዘን በር ብቻ ነው።

ለፋሲካ ትመጣለች። ሰው ፋሲካን ብቻውን አይፈስክም።

የካቲት 25

ፎቶ ቤቱ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ባለቤቷ እሌኒ አዲስ አበባ ያደገች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። የመታወቂያ ፎቶ ስታነሣ ዕድሜዋን የፈጀች በመሆኗ ሰው ስታይ ጆሮውን ነው የምታየው።

ያጠበችልኝን ፎቶ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

“ምንድን ነው? ኤሊ ነው?”

“ቮልስ ናት።”

“በሌሊት ነው ያነሷት?”

“በቀትር ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ።”

“ያው ነው። የቀትር ፀሐይ አናቷን ያነዳል፣ ሆዷን ያጨልማል። የሰው ፊት እንኳ በቀትር ቢነሣ ዐይኑ ጉድጓድ ነው።”

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ቀዩ መስመር የለም። አረንጓዴውና ቀዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ እንደ ሆነ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ግን ከክንዱ ጋር ስለ ቀለም ስንጨቃጨቅ በከረምንበት ጊዜ ሁሉ ይህን ያነሣ የለም። ጓድ አበራም አላነሣውም። በፎቶው ላይ ቮልሷ እንደ ጥንቷ አመዳም ናት።

ግለ ሂስ፦ ፊልሙን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

መጋቢት 1

ሁለተኛ ሙከራ። ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ከጀርባዬ ሆና። መስመሩ ቀይ ባይሆንም ርዝመቱ እንዲታይ ከጎን አነሣኋት፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ። ጥሩ ወጣ። ከኋላ የሰገነት አንሶላ ተሰጥቶ ይታያል፤ እሱን ንቄ ተውሁት።

ለአዘዘ ሰጠሁት። አዘዘ የአንበሳሜው አውቶቡስ ረዳት ነው፤ ሆዱ ከበሩ ቀድሞት የሚወርድ ጎልማሳ። ሸዋዬ መልስ የምትልከው በቃል ነው። አዘዘ ደግሞ በሹክሹክታ መናገር አልፈጠረበትም።

መጋቢት 5

አውቶቡሱ ሳይቆም ከበሩ ላይ ጮኸ።

“አንዳርጌ! መሪጌታ ምን አሉ መሰለህ?”

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ።

“‘በአንድ ዐይን የሚሣለው ማን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ነው ወይ ልጄን የሰጠሁት?’ አሉ!”

በግ የያዙ አንዲት ባልቴት “ማነው እሱ በአንድ ዐይን የሚሣለው?” ብለው ጠየቁ።

“ሰይጣን ነዋ፣ እማማ! ሰይጣንና ጌታን የገረፉት።”

ባልቴቷ አየት አደረጉኝና በጓን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቁመውታል አሉ። እኔ እንዴት ዘነጋሁት? የሐይቁን ደሴቶች አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ያያል። ክፉው ብቻ በጎኑ ዞሮ አንድ ዐይን ይተርፈዋል። እኔ ደግሞ መኪናዋን በጎኗ አነሣኋትና በአንድ መብራት ለመሪጌታ ቤት ላክሁ።

“ሸዋዬስ?” አልሁት።

“ሸዋዬ ምንም አላለች።”

መጋቢት 8

እሌኒን አማከርኋት።

“ከፊት ለፊት!” አለች። “ሁለት ዐይን፣ ሁለት ጆሮ። ጆሮ ካልታየ ቀበሌም አይቀበልም።”

“መኪና ጆሮ የላትም።”

“ስፖኪዮዋስ?”

ቮልሷ ያላት አንድ ስፖኪዮ ነው። ክንዱ ጋ ሄጄ ሁለተኛ አስገጠምሁ። ያገኘው የጭነት መኪና ስለሆነ የቀኝ ጆሮዋ ከግራው ይበልጣል።

“ሞቶሪኖውስ፣ ጋሼ?”

“ዛሬ የመጣሁት ለጆሮ ነው።”

መጋቢት 15

“አንዳርጌ! መሪጌታ ፎቶውን አይተው ምን አሉ? ‘ምስኪን፣ ማን አሰራት?’ አሉ!”

መናኸሪያው ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ዞር አለ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርሁ። የጫማዬ ክር ታስሮ ነበር።

አዘዘ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ እርሱ ሹክሹክታ በሚለው ድምፅ ጨመረልኝ። “ሸዋዬ ደግሞ እንዲህ ብላለች። ‘ቀለሙን ተዉትና፣ ለሰው መቆም ጀምራለች ወይ?’”

“ፍሬኗ ደኅና ነው በላት።”

አዘዘ አየኝ። “ይህንኑ ልበላት?”

“ይህንኑ።”

“እሺ። እኔ መልእክተኛ ነኝ።”

ማታ ፍሬኑን ደግሜ ፈተሽሁት። ደኅና ነው።

መጋቢት 19

ከፊት ከሆነ እስረኛ፣ ከጎን ከሆነ ሰይጣን። በመካከሉ አንድ ቦታ መኖር አለበት።

ፊልም ላለማባከን ቤት ውስጥ እለማመዳለሁ። አልጋ ሥር የሸዋዬን ጫማ አገኘሁ፤ ተረከዙ ተነቅሏል። ቅርጹ ከቮልስ ብዙ አይርቅም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ባትሪ መብራት አብርቼ፣ ባዶ ካሜራ ይዤ ዙሪያውን እዞራለሁ። ከማዕዘኑ በኩል ዝቅ ብዬ ሳየው አፍንጫውም ጎኑም አንድ ላይ ይታያል። ቆሜ ሳየው ጫማ ነው። ተንበርክኬ ሳየው ግርማ አለው።

ሰገነት በመስኮቱ አለፈች። ቆመች። እኔ ለጫማው ተንበርክኬ ነበር።

“አይዞዎት፣ ጋሼ” አለችኝ።

ስለ ፎቶግራፍ ለማስረዳት ጀመርሁ። ሳትሰማኝ ሄደች።

መጋቢት 23፣ እሑድ

ረጅም ቀን። እጄ አሁንም ጭቃ ይሸታል።

ገና ሳይነጋ የወተት አመላላሾች ገፍተው አስነሡልኝ። ሐይቁ ዳር አወረድኋት፣ ሣሩ ውኃውን እስከሚነካበት ድረስ። ያቀድሁት ይህን ነው፦ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ በጎን ይመጣል፤ ጥላው ረጅምና ለስላሳ ይሆናል። ከኋላዋ ውኃ ብቻ እንጂ የማንም አንሶላ አይኖርም። ቀለሟ መስተዋት ስለሆነ ፊት ለፊቷ ያለው ሁሉ በላይዋ ይታያል፤ ስለዚህ ፊት ለፊቷ ክፍት ሜዳ መሆን አለበት። እሌኒ ይህን አልነገረችኝም፤ ከጫማው ነው የተማርሁት።

ልክ ብርሃኑ ሲመጣ ፍየሎች መጡ። ፍየሎቹ ሲሄዱ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን እየቀዘፈ ከኋላዋ ገብቶ ቆመ።

“እለፍ!” አልሁት።

“አታነሣኝም?”

“መኪናዋን ነው!”

“እሷ ምን ይዛ?” አለና አንድ አምባዛ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እስኪሄድ ጠበቅሁ።

ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሁሉም ነገር ልክ ሆነ። ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ፣ ከማዕዘኑ፣ ሁለቱም መብራቶች እያዩኝ፣ የወገቧ መስመር እስከ ጭራዋ እየተሳበ። መዝጊያውን ተጫንሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ወዲያው ከኋላዬ “እጅ ወደ ላይ!” ተባለ። አብዮት ጥበቃ ነው።

“ድልድዩን ነው የምታነሣው? ክልክል ነው!”

“ድልድዩ ከኋላዬ ነው።”

“ስትዞርስ?”

ወደ ቀበሌ ወሰደኝ። ጓድ አበራ ካሜራውን አገላበጠው፤ እኔንም አገላበጠኝ። “ይህ ሰው ከመኪናው በቀር የሚያየው ነገር የለም፤ ልቀቀው” አለው። ከነቀፋ ይልቅ ምስክርነት ነው ብዬ ተቀበልሁት።

በምላሹ ጓድ አበራ ከመኪናዋ ጋር መነሣት ፈለገ። ሐይቁ ዳር ተመለስን። ኮፈኗ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ስቱኮው ከሥሩ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። አነሣሁት። ሲወርድ የአንድ ሰው መቀመጫ ጉድጓድ ቀርቷል።

“ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል” አለ።

ለመመለስ ጎማው ጭቃ ይዞት ነበር። የገፋው ያው ዓሣ አጥማጅ ነው። ከመግፋቱ በፊት አንድ አነሣሁት፤ ግድ ሆነብኝ።

ሚያዝያ 2

እሌኒ ፎቶውን ከውኃው አውጥታ ሰቀለችው፤ ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። ከዚያ “ጆሮዋ አንድ ብቻ ነው የሚታየው” አለች። ቀጥላም፣ “ግን ይሁን” አለች።

ከእርሷ ይህ ምስጋና ነው። ለአዘዘ ሰጠሁት።

ሚያዝያ 7፣ ሆሣዕና

አዘዘ ዘንባባ ጣቱ ላይ አስሮ መጣ።

“አንዳርጌ! መሪጌታ ‘አሁን ገና ሰው ሆነች’ ብለዋል! ለጎረቤት ሁሉ ያሳያሉ!”

“ሸዋዬስ?”

“ሸዋዬ ስለ መኪናዋ ያለችው የለም። ‘የጎማው ክዳን ውስጥ ያለው ሰውዬ ሹራቡን ገልብጦ ነው የለበሰው’ ብላለች።”

“ሌላስ?”

“‘ማን ነው የሚያበላው?’ ብላለች።”

እሌኒ ጋ ሄጄ በማጉያ መነጽር አየሁ። በአመድና በሎሚ የፈተግሁት የፊተኛው ጎማ ክዳን ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ጭቃ ላይ ተንበርክኳል። ጉንጮቹ የሉም። የሹራቡ ስፌት በውጭ ነው።

ሹራቡን አወለቅሁና አየሁት። እውነቷን ነው። መቼ እንደ ገለበጥሁት አላውቅም። ቢሮ ለብሼው ሄጃለሁ፤ ውይይት ክበብ ላይ ቆሜ ሂስ ሰጥቼበታለሁ። አንድ ሰው አልነገረኝም።

ሰገነትን “አላያችሁም?” አልኋት።

“አይተን ነበር፣ ጋሼ። ስለት መስሎን ነው።”

ሚያዝያ 9

ከሥራ ስወጣ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ ሄጄ ከዚያ ቤቴ ድረስ በእግሬ ተመለስሁ። ምክንያት አልነበረኝም። ረጅም ነው። ግማሹ ኮረት ነው። በመኪና ሲሄዱ አይታወቅም።

ጫማዋን ተረከዝ አስመታሁ።

ሚያዝያ 11፣ ጸሎተ ሐሙስ

ክንዱ ጋ ሄድሁ።

“ሞቶሪኖዋን ሥራት።”

“ዛሬ? ሰው ሁሉ ስግደት ላይ ነው፣ ጋሼ። ከፋሲካ በኋላ።”

ገፍተን አስነሣናት። ክንዱ ሞተሩን አዳመጠና የኋላውን ከፍቶ በጠመንጃ መፍቻ አንዲት ነገር ዞር አደረገ።

“ሚኒሞዋን ከፍ አደረግሁልዎት። ከእንግዲህ ቆማም አትጠፋም።”

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው። አንዲት ብሎን ናት። ጥር ላይ ቢነግሩኝ ያኔውኑ ነበር።”

ሙሉ ቀለም፣ አራት ቸርኬ፣ ሁለት ጆሮ። ብሎኗን አየኋት። ከምስር አትበልጥም።

ግለ ሂስ፦

(ነገ እጽፈዋለሁ።)

ሚያዝያ 13፣ ቀዳሜ ስዑር

ይህን የምጽፈው እሌኒ ፎቶ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ደብተሩን ይዤ የመጣሁት ሥራው ረጅም ስለሆነ ነው። ሸዋዬ ለፋሲካ የምትመጣ አይመስልም፤ አንድም ቃል አልላከችም። ስለዚህ ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ እሌኒ በብሩሽ ቀለም እየቀባችልኝ ነው። አዘዘ ዛሬ ሲመለስ ይዞላት ይሄዳል። ቢያንስ መስመሩ ቀይ እንደ ሆነ ትየው።

ቮልሷ በራፍ ላይ ቆማ እየሠራች ነው። ካጠፋኋት የሚገፋ አላገኝም፤ ሰው ሁሉ ቄጤማ ግንባሩ ላይ አስሮ ወደ ቤቱ እየሮጠ ነው። የነዳጅ ኩፖኔ እያለቀ ነው። እውነትም ቆማ አትጠፋም።

“አረንጓዴውን ጨረስኩ” አለች እሌኒ። “ለቀዩ ሴቶቹን ከንፈር የምቀባበትን ነው የምጠቀመው። ሌላ የለኝም።”

“ይሁን።”

“ለመሆኑ ምኗ ነው ቀይ?”

“ጥለቷ።”

ቀና ብላ አየችኝ፤ መልሳ ሥራዋ ላይ አጎነበሰች።

የአንበሳሜው አውቶቡስ ገባ። ጣሪያው ዶሮና በግ ነው። አዘዘ ከበሩ ላይ እየጮኸ ነው፤ በመስኮቱ ይሰማኛል።

“አንዳርጌ! ዛሬ መልእክት አልያዝሁም! ራሷን ነው የያዝሁት!”

ሸዋዬ ወረደች። በአንድ እጇ ዘንቢል፣ በሌላው ዶሮ ይዛለች። አዲሱን ቀሚሷን ነው የለበሰችው። ጥለቱ ቀይ ነው። ሰገነት አልዋሸችም።

መንገዱን ተሻግራ መኪናዋ ጋ መጣች፤ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች። ዞረቻት። ኮፈኗ ላይ የጓድ አበራን ጉድጓድ በእጇ ዳበሰች። ወንበሩን አየች፤ ማንም የለም፤ ሞተሩ ይሠራል። ራሷን ነቀነቀች። ጎንበስ ብላ የፊተኛውን ጎማ ክዳን ተመለከተች፤ በእርሱ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ዘንቢሉን አንሥታ በእግሯ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

ዘንቢሉ ከባድ ነው። በአንድ ጎን ታዘነብላለች።

ነድቼ ልደርስባት እችላለሁ። አጠገቧ ብቆም አትጠፋም፤ ብሎኗ ዞራለች። ግን በዚያች መኪና ላይ አልወጣም ብላለች፤ ሸዋዬ ያለችውን አታጥፍም።

ካጠፋኋት ደግሞ በዓሉ አልፎ ገፊ እስኪገኝ፣ እስከ ማክሰኞ እዚሁ ናት።

ትጥፋ።

“አቶ አንዳርጋቸው፣ የት? ቀዩ እኮ ቀርቶኛል!” ትላለች እሌኒ።

ቁልፉን ልነቅል ነው። ዶሮውን እንኳ ልያዝላት።